«ያማሃው» ድራም፦ ከመሸጡ በፊት የያዝኩት ማስታወሻ

ግንቦት 2 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

አጎቴ ሰኔ መጨረሻ ላይ አዳማ ልጁ ጋር ጠቅልሎ ይገባል። ሌላው ዕቃ ባለቤት አግኝቷል፤ የቀረው ድራሙ ነው። «አንተ ሽጥልኝ፣ እኔ በእሱ ላይ መደራደር አልችልም» አለኝ። ድሬዳዋ ከዚራ ካለው ቤቱ ጓዳ አንድ በአንድ አውጥቼ በረንዳው ላይ ደረደርኩት። ቤዝ ድራም (በእግር የሚመታው ትልቁ) አንድ፣ ከላይ የሚሰቀሉ ቶሞች ሁለት፣ ፍሎር ቶም (መሬት ላይ የሚቆመው) አንድ፣ ስኔር (ከሥሩ ሽቦ ያለው) አንድ። ከሲምባል (በዱላ ከሚመቱት የብረት ሳህኖች) ራይድ፣ ክራሽ እና በእግር የሚገጠም ጥንድ ሀይ ሃት አለ። መቆሚያዎች፣ ፔዳል፣ በፌስታል የተቋጠሩ ቡሎኖች። ወንበሩ የለም።

ቤተሰቡ በሙሉ «ያማሃው» ነው የሚለው። የቤዝ ድራሙ ፊት ላይ ያማሃ ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው እንደዚያ ነው። አጎቴ በ1985 ከጅቡቲ በባቡር ካስመጣ ሰው ላይ ገዝቶ ለዓመታት ሆቴል ውስጥ ሲመታበት ኖሯል።

አቧራውን ሳልጠርግ ደላላ ደረሰ። ማን እንደነገረው አላውቅም። ዞር ዞር ብሎ አየና «አቦ ይሄ አሮጌ ነው፣ 30 ሺህ ልስጥህ ሁሉንም ልጫነው» አለ። አጎቴ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም እምቢም እሺም ለማለት የሚያበቃ ነገር አላውቅም ነበር። ምን እንደያዝኩ ሳላውቅ ስንት ልበል? ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ግንቦት 3፣ እሑድ፦ ልኬት

ድራም የሚጠራው በኢንች ነው። ቤት የተገኘው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። በሴንቲሜትር ለክቼ ለ2.54 አካፈልኩ። ትንሹ ቶም 13፣ ትልቁ 14፣ ፍሎር ቶሙ 17 ሆኖ መጣ።

የትልቁ ቶም ቆዳ ተቀዶ ስለነበር (ቆዳ እንለዋለን እንጂ ዛሬ ፕላስቲክ ነው) ማታ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ደውዬ ባለ 14 አስገዛሁ። 2,400 ብር። ሰኞ ደረሰ። አልገባም። በጣም ሰፊ ነው።

በሠርግ ባንድ ላይ ድራም ለሚመታ ጓደኛዬ ደወልኩ። የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ሪሙን አውልቀህ ነው የለካኸው?» አላወለቅኩም። ከዳር እስከ ዳር ከነክብ ብረቱ ነበር የለካሁት። ሪሙ ከእንጨቱ ወጣ ብሎ ስለሚቀመጥ ልኬቱን በአንድ ኢንች ያህል ያሳድገዋል። የፍሎር ቶሙ 17 መሆን ሊያነቃኝ ይገባ ነበር፣ የተለመደው 14 ወይም 16 ነው።

ቆዳውን ሁሉ ፈትቼ ቀፎውን (የእንጨት አካሉን) ብቻ እንደገና ለካሁ። ቤዝ 55.9 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 22 ኢንች። ቶሞቹ 12 እና 13። ፍሎር ቶሙ 16። ስኔሩ 14። ስኔሩ 14 ስለሆነ ያ የተሳሳተ ቆዳ እሱ ላይ ገባ፣ የድሮው ላዩ ተልጦ አልቆ ነበርና ጥሩ ሆነ። ለቶሙ ባለ 13 በ2,200 ብር ሌላ አዘዝኩ።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ፦ ያማሃ አይደለም

ቆዳውን ሳወጣ ነው የገባኝ። ያማሃ የሚለው ጽሑፍ ያለው በፊት ለፊቱ ቆዳ ላይ ብቻ ነው። ቆዳ ደግሞ ይቀየራል፣ የማንም ድራም ላይ የማንም ስም ያለበት ቆዳ ይገባል። ቀፎዎቹ ላይ ባጅ (የሠሪው ስም ያለበት ትንሽ ሰሌዳ) አይታይም። ሁለቱ ላይ የተነቀለበት ቦታ ብቻ ቀለሙ ሳይነጣ ቀርቷል።

ጓደኛዬ ከሥራ በኋላ መጣ። ባጁን ሳይሆን ቶሙ የሚሰቀልበትን ብረት ነው ያየው። ያማሃ ከሆነ ቶሙን የሚይዘው ባለ ስድስት ጎን ዘንግ ነው፣ ከኋላው ኳስ የሚመስል መገጣጠሚያ አለው። ታማ (ሌላ ድራም ሠሪ) ከሆነ ደግሞ ቀጠን ያለ የተቆለመመ ክብ ዘንግ ነው። የእኛ ወፍራም ቱቦ ነው፤ የቀፎውን ጎን በስቶ ወደ ውስጥ ይገባል። በካሊፐር ስንለካው ውፍረቱ 22 ሚሊሜትር። «ይሄ ፐርል ነው» አለ ወዲያው። መያዣውን በነጭ ጋዝ ስናጥበው ፐርል የሚል ጽሑፍ ከቅባቱ ሥር ወጣ።

እኔ ግን መያዣው ሊቀየር አይችልም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ይችላል፣ አለ። እዚህ ላይ ያሳየኝን ነገር አልረሳውም። ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ዙሪያውን ዳሰሰ። የቀዳዳው ጠርዝ ልሙጥ ነው፣ ልባሱም ከጠርዙ ጋር እኩል ተቆርጧል፣ በኋላ በእጅ የተበሳ አይመስልም። ብረት ይቀየራል፣ ቀዳዳ ግን ከተበሳ በኋላ ቦታውን አይለቅም።

ማረጋገጫው ፍሎር ቶሙ ላይ ተገኘ። የድሮ ስቲከር ተለጥፎበት ነበር። በፀጉር ማድረቂያ አሙቄ በፕላስቲክ ካርድ ቀስ አድርጌ ስልጠው ባጁ ከሥሩ አለ። ፐርል፣ ኤክስፖርት። ኤክስፖርት እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ የፐርል መካከለኛ መደብ ነው፣ በዓለም ላይ በብዛት ከተሸጡት ድራሞች አንዱ። በዚያ ዘመን የሚሠራውም ታይዋን ነበር። ለአጎቴ ስነግረው «ታይዋን? የእኛው ታይዋን?» አለ። ድሬ ውስጥ ታይዋን ስትል ሰው የሚያስበው ገበያውን ነው። አይ፣ ሀገሩ አልኩት።

ባጅ ሳይ ዋጋ የሚጨምር መስሎኝ ነበር። ጓደኛዬ ቀስ በል አለኝ። የዚያን ዘመን ኤክስፖርት ሜፕል (ለውድ ድራሞች የሚመረጠው እንጨት) አይደለም፣ ከሌላ እንጨት በንጣፍ የተሠራ ነው፣ በላዩ የፕላስቲክ ልባስ ለብሷል። ጠንካራ የሥራ ዕቃ ነው እንጂ ብርቅ አይደለም። ማስታወቂያው ላይ ሜፕል ብለህ እንዳትጽፍ፣ የሚያውቅ ሰው ካገኘህ ሌላውንም አያምንህም አለኝ።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ፦ አንደኛው ቶም

አሁን ሁሉንም እየቆጠርኩ ነው። ባለ 12ቱ ቶም በአንድ ወገን ቆዳውን የሚወጥር 6 ቡሎን አለው። ባለ 13ቱ 5። እንዴት ትልቁ ያንሳል? ውስጡን በስልክ መብራት አየሁ። የሌሎቹ ውስጥ ጠቆር ያለና ወፈር ያለ ነው፣ የዚህኛው ነጣ ያለና ቀጭን። ልባሱም ከሩቅ ጥቁር፣ ከቅርብ ግን ሌላ ጥቁር ነው። የቱቦው ቀዳዳ ዙሪያ ሻካራ ነው፣ በመሰርሰሪያ ተበስቶ በፋይል የተሞረደ። መያዣውም በብየዳ ተስተካክሏል።

የሌላ ድራም ቶም ነው። ስም የለውም።

አጎቴን ጠየቅኩት። መልሱን የሰጠኝ ወዲያው አልነበረም። የቀድሞ ቤቱ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነበር። ሐምሌ 1998 ላይ ወንዙ በሌሊት የሞላ ጊዜ እሱና ባለቤቱ ልጆቹን ይዘው ጣሪያ ላይ ወጡ። ያን ሌሊት ደቻቱ የወሰደውን ሰው ድሬ ሁሉ ያውቃል፣ ስለ ድራም ማውራት ነውር ይመስላል። ጠዋት ሲወርዱ ፍሎር ቶሙ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ነበር፣ ቤዙ ቁም ሳጥን ላይ ስለነበር ተርፏል፣ ባለ 13ቱ ቶም የለም። በዓመቱ ቀፊራ ገበያ ከአንድ ልጅ ላይ ይህን ቶም ገዝቶ ብረት በያጅ ዘንድ ወስዶ አስገጠመው። ያማሃ የሚለውን ቆዳም ያኔ ነው የገዛው፣ የድሮው ስለተቀደደ።

እዚህ ቤት ስገባ ስወጣ ነው ያደግኩት። ይህን አልሰማሁም ነበር።

ግንቦት 10፣ እሑድ፦ ሲምባል፣ እና ጥፋቴ

ይህን ቀን በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው።

ክራሹ ጠቁሮ ነበር። እናቴ ናስ የምትወለውለው በሎሚና በአመድ ነው። እኔም በሎሚና በአመድ ፈትጌ ፈትጌ እንደ ወርቅ አበራሁት። ሲደርቅ አየሁት፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ጠዋት ያነሳሁትን ፎቶ ስመለከት መሃሉ አካባቢ የደበዘዘ የቀለም ጽሑፍ ነበረ። አሁን የለም። ማን እንደሠራው የሚናገረውን ብቸኛ ነገር በገዛ እጄ አጠፋሁት። ፎቶው ላይ አይነበብም፣ አጉልቼም ሞከርኩ። ጓደኛዬ በጣቱ ነካ አድርጎ ሰምቶት «ደህና ድምፅ አለው፣ ግን ስም የሌለው ሲምባል ስም የሌለው ነው» አለ። ሲምባል አይወለወልም። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ፣ የእጅ ቅባቱን በለብታ ውኃና በትንሽ የዕቃ ሳሙና ማንሳት ይበቃል። ጥቁረቱ ዋጋ አይቀንስም፣ የጠፋ ስም ግን ይቀንሳል።

ስንጥቅ ፍለጋም አለ። ዳሩን በጥፍር ዙሪያውን መዳሰስ፣ ከዚያ ከኋላ መብራት ማብራት። ክራሹ ዳር ላይ ትንሽ ጥርስ የነከሰችው የሚመስል ስብራት አለ፣ ስንጥቅ ግን የለም። መሃል ቀዳዳውም ማየት ያስፈልጋል፣ ያለ ጎማ በብረቱ ላይ ሲመታ የኖረ ሲምባል ቀዳዳው ተበልቶ እንቁላል ይመስላል። የራይዱ ደህና ነው።

ራይዱን አልነካሁትም፣ ጥሩ ሆነ። 20 ኢንች ነው። መሃሉ አጠገብ ብረቱ ውስጥ የተመታ ማኅተም አለ፣ ሳቢያን ይላል። ሥሩ ደግሞ በቀለም ኤኤ የሚል ምልክት ደብዝዞ ይታያል። ሳቢያን! የድሬው ሰፈራችን ሳቢያን፣ ሲምባሉም ሳቢያን። ስሙ ግን ከድሬ ጋር አይገናኝም። ሮበርት ዚልጂያን እ.ኤ.አ. በ1981 ካናዳ ውስጥ ያቋቋመው ፋብሪካ ነው፣ ስሙንም ከልጆቹ ከሳሊ፣ ከቢል እና ከአንዲ ስሞች መጀመሪያ ገጣጠመው።

ኤኤ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ይህ መደብ የሚሠራው 80 በመቶ መዳብ እና 20 በመቶ ቆርቆሮ ከተዋሃዱበት ነሐስ ነው (ቆርቆሮ ያልኩት ማዕድኑን ነው፣ ጣሪያውን አይደለም)። ለጀማሪ የሚሠሩት ብዙዎቹ ቆርቆሯቸው 8 በመቶ ብቻ ነው፣ ከዚያ በታች ያሉት ደግሞ ናስ ናቸው። ልዩነቱ በጆሮ ይለያል። ናሱን ስትመታው እንደ ድስት ክዳን ጮኾ ይቆማል፣ ራይዱ ግን ተመትቶ ከቆመም በኋላ ድምፁ እየረጋ በረንዳውን ይሞላል።

ሀይ ሃቱ ጥንድ መስሎ ነበር፣ አይደለም። የላዩ ላይ የተመታ ማኅተም አለ፣ ከላቲኑ በላይ የዓረብኛ ፊደል ተቀርጿል። መድረሳ የሚማረውን የጎረቤት ልጅ ጠራሁት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለየ፣ ቃሉ ግን ዓረብኛ አልሆንለት አለ። ልክ ነው፣ ኦቶማን ቱርክኛ ነው። የዚልጂያን ማኅተም ነው። አርመናዊው አቬዲስ እ.ኤ.አ. በ1623 ቁስጥንጥንያ ውስጥ የጀመረው ሥራ ነው፣ ስሙም የሲምባል ሠሪ ልጅ ማለት ነው። የሳቢያኑ ሮበርትም የዚህ ቤተሰብ ልጅ ነው። የታችኛው ሀይ ሃት ግን ናስ ነው፣ ስምም የለው፣ እንደ ድስት ክዳን።

ግንቦት 13 እስከ 20

ፍሎር ቶሙ። ውስጡ ከታች አንድ ስንዝር ያህል ከፍታ ላይ ዙሪያውን የሚዞር ቡናማ መስመር አለ። የጭቃው መስመር ነው። በጣት ጫፍ ቀፎውን ኳ ኳ እያደረግኩ ዞርኩ። ሌላው ቦታ ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ከመስመሩ በታች አንድ ቦታ ግን ድፍን ይላል። እዚያ ላይ የእንጨቱ ንጣፎች ተላቀዋል።

ኮላ በመርፌ ውስጥ አስገባሁ፣ በአናጢ መጭመቂያ ያዝኩት። በማግስቱ ሲፈታ መጭመቂያው የነካው ቦታ ጎድጎድ ብሏል፣ ዳሩ ላይ ያለው ግን አልያዘም። ከጀርባውና ከውስጡ የተጠረበ እንጨት ሳላስገባ ስላጠበቅኩት ነው። ሁለተኛ ጊዜ አናጢው ቤት ሄጄ በቀፎው ጎን ልክ የተጠረቡ ሁለት እንጨቶች አስቀረፅኩ፣ 400 ብር። ኮላ እንደገና፣ ሁለት ቀን ሙሉ። የግንቦት ሙቀት ለኮላው ጠቀመ። ለልባሱ ግን አልጠቀመም፣ የቤዙ ልባስ መገጣጠሚያው ላይ በሙቀት ተነስቶ ነበር፣ እሱንም በማጣበቂያና በቴፕ መለስኩት።

ዳሩ ቀጥ ማለቱን ለማየት ወፍራም መስታወት ጠረጴዛ ላይ ደፍቼ ማታ ውስጡ የስልክ መብራት አስቀመጥኩ። ብርሃን የሚያሾልክበት ቦታ ቆዳው በትክክል አይቀመጥበትም። ሦስቱ ንጹሕ ናቸው። ፍሎር ቶሙ ከታች በኩል አንድ የወረቀት ውፍረት ያህል ያሾልካል። ሞርጄ ላስተካክል ብዬ ፋይል አነሳሁ፣ ተውኩት። ያለ መሣሪያ ዳር መሞረድ ያበላሻል። እንዳለ ለገዢ እናገራለሁ።

ዝገት፦ መጀመሪያ በብረት መፈግፈጊያ ሞከርኩ፣ አንዱ ሪም ላይ ጭረት ቀረ። ቀጥሎ የማብሰያ ፎይል ጨብጬ በውኃ እያራስኩ አሻሸሁ። የላይ የላዩ ዝገት በደንብ ይወጣል፣ ክሮሙም አይጫርም። የተቦረቦረው ቦታ ግን እንደተቦረቦረ ነው። ቡሎኖቹ ነጭ ጋዝ ውስጥ አደሩ። አራት የጎደሉ አሉ፣ ከአዲስ አበባ አዘዝኩ።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ፦ ዋጋ

እስካሁን የወጣ፦ ቆዳ ሁለት 4,600፣ እንጨት 400፣ ኮላ፣ ነጭ ጋዝ፣ ፎይልና ማጣበቂያ 730፣ ባጃጅ 350። ወደ 6,080 ብር።

ሁለት የአዲስ አበባ ሱቆች በስልክ ጠየቅኩ። የዚህ መደብ አዲስ ድራም ያለ ሲምባል ከ200 ሺህ በላይ ነው የሚሉት። የድሮ ዋጋ የሚነግሩኝ ዘመዶች ብዙ ናቸው፣ ግን ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሁለት ዓመት በፊቱ ዋጋ አይሠራም። ያገለገሉ ሦስት ማስታወቂያዎች አገኘሁ፦ 95፣ 110፣ 140 ሺህ። ለሦስቱም ደወልኩ። የ140 ሺሁ ከጥር ጀምሮ እንደተለጠፈ ነው። የ95 ሺሁ ተሸጧል፣ ስንት ሄደ ብዬ ስጠይቅ ሰውየው ሳይደብቅ 78 አለኝ። ለእኔ ከሦስቱ ቁጥሮች ይልቅ ይቺ አንዷ ትበልጣለች፣ ሰው ከኪሱ ያወጣው ገንዘብ ነውና።

የእሱ ሙሉ ነበር። የእኔ አንድ ቶም የባዕድ ነው፣ አንዱ ጎርፍ ገብቶበታል፣ ወንበር የለውም። ስለዚህ ድራሙን ከመቆሚያዎቹና ከፔዳሉ ጋር 60 ሺህ አልኩ። ራይዱን ብቻውን 24 ሺህ። የዚልጂያኑን ሀይ ሃት ከናሱ ጋር 9 ሺህ፣ ክራሹን 4 ሺህ። ክራሹ ላይ ስሙ ቢኖር ከዚህ በላይ እጠይቅ ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ደላላው ለሁሉም ያለው 30 ሺህ ነበር። ራይዱ ብቻውን ወደዚያ ይጠጋል። ለአጎቴ ወረቀቱን ሳሳየው ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። «የባዕድ ቶም ብለህ ጻፍክ?» አለ። አዎ አልኩት። «ጎርፉንም ጻፍ» አለኝ።

ጻፍኩ። ማስታወቂያው ላይ የጭቃው መስመር ፎቶ አለ፣ የ5ቱ ቡሎን ፎቶ አለ፣ የባጁና የማኅተሞቹም ፎቶ አለ።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ራይዱ ተሸጠ። ገዢው ከሐረር በሚኒባስ መጣ። የራሱን ዱላ ይዞ ነው የመጣው። መሃሉን፣ ዳሩን፣ መካከሉን መታ፣ ጆሮውን አስጠግቶ እስኪጠፋ አዳመጠ። ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰ። 22 ሺህ ተስማማን። ሲወጣ ሀይ ሃቱን አይቶ ተመለሰና የላዩን ብቻ በ7 ሺህ ወሰደ። ናሱ ቀረ።

ሰኔ 8፣ እሑድ

የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ወጣቶች ሦስት ሆነው መጡ። ድራመራቸው ልጅ ነው፣ ምናልባት 17። የጎርፉን ነገር ማስታወቂያው ላይ አንብቧል፣ ፍሎር ቶሙን ራሱ ኳ ኳ አድርጎ ኮላ ያስገባሁበትን ቦታ ሳልነግረው አገኘው። ከዚያ ተቀምጦ (ወንበር ስለሌለ የውኃ ጀሪካን ላይ) መታ። አጎቴ ከውስጥ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ልጁ ሲጨርስ አጎቴ ሄዶ የፍሎር ቶሙን ሦስት ቡሎን ሩብ ሩብ ዙር ፈታለትና «አሁን ምታው» አለው። ድምፁ ወረደ፣ ሞላ። ልጁ ሳቀ።

ለፍሎር ቶሙ 4 ሺህ ቀንሼ 56 ሺህ፣ ክራሹን በ3 ሺህ ጨምረው ወሰዱ፣ ናሱን ለልምምድ በነፃ ሰጠኋቸው። በሁለት ባጃጅ ተጫነ፣ ቤዙ ለብቻው።

የታዘዙት አራት ቡሎኖች አልደረሱም ነበር። ሐሙስ በአውቶቡስ ይመጣሉ ተብሏል፣ ቅዳሜ ልምምዳቸው ላይ ወስጄ እገጥማለሁ። አጎቴም አብሬህ እሄዳለሁ ብሏል።